አገሯን ያወቅሁባት ልጅ

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲትን ልጅ ከትምህርቷ አስወጥቻለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ "ባሏ ወሰዳት" እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ግን መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ያውም አዲስ ገቢ ተማሪን ደህና አድርጌ እንድቀበል ተመርጬ፣ ሰልጥኜ፣ ደረቴ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተሰክቶልኝ።

ነገሩ የሆነው ንፋስ መውጫ ነው። ያኔ ከስድስተኛ በላይ መማር የፈለገ የታች ጋይንትም የሲማዳም ልጅ ወደ እኛ ይመጣ ነበር፤ አልፎ አልፎ ከእስቴ በኩልም የሚመጣ አይጠፋም። ከሲማዳው ወገዳ ከሆነ ሁለት ቀን በእግሩ ነው፣ አንዱን ሌሊት አርብ ገበያ ከተማ አድሮ። እንዲህ ደክሞ፣ በሶውንና ድርቆሹን በስልቻ ተሸክሞ በሩ ላይ ሲደርስ የሚቀበለው ሳቅ ነበር። እኛ ነባሮቹ አጥሩ ላይ ተደርድረን እንጠብቀዋለን። "ስልቻ መጣ!" እንላለን። "ስልቻ፣ ዲሬክተሩ ያሉት እዚያ ነው" ብለን ወደ ሽንት ቤቱ እንልከዋለን። ስልቻ የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለእንዲህ ያለው ነገር አፌ ፈጣን ነው። አንዳንዱ ታግሦ ይለምድና በዓመቱ እሱ ራሱ አጥሩ ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ኅዳር ሳይገባ ስልቻውን አንጠልጥሎ ይመለሳል። ለምን ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የላከው አንድ ወጣት መምህር መጣልን። ተማሪዎቹን ሳይመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ልኮ ያሠራቸው ነበርና፣ ለእኛ የደረሰን የሂሳብ አስተማሪ ነው። ከሲታ፣ ጎፈሬያም፣ ብርዳችን ያንገሸገሸው፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ የሚያስተምር። ፊት ለፊት ጋሼ፣ አንቱ እንለዋለን፤ ዞር ሲል አንተ ነው። እዚህም እንደዚያው ላድርግ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ስልቻ ወደ ሽንት ቤት ስንልክ ጋሼ አየን። አልተቆጣም። ወደ አጥሩ መጣና ቆጠረን፤ ስምንት ነበርን።

"ስምንታችሁም ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰባተኛ ክፍል ትገኛላችሁ።"

እናቴ ስትሰማ "ምን አጠፋሽ ደግሞ?" አለች። እኔም ቅጣት መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ስንሄድ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ቀን" አለ፣ "አንድ ነባር ተማሪ ሻንጣዬን ተቀበለኝና መኝታህን ላሳይህ ብሎ ኩሽና ወሰደኝ። ቢላዋ ሰጠኝ። እዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ ድንች ይልጣል አለኝ። ላጥኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ላጥኩ።"

በሳቅ ፈረስን። አንዱ ልጅ ወንበሩን ይዞ ወደቀ።

"ሳቁ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን የማስበው የመመለሻ አውቶቡሱን ነበር። አብሮኝ የመጣው የአገሬ ልጅ በሳምንቱ ተሳፍሮ ሄደ። ከኔ ይልቅ ጎበዝ ነበር።"

በሁለተኛው ዓመት እሱንና ጥቂት ጓደኞቹን ሰብስበው አዲስ ገቢን እንዲቀበሉ አሰልጥነዋቸው ኖሯል። አሁን ያንኑ ለእኛ ሊያስተምረን ነው። ጨዋዎቹን ተማሪዎች ትቶ እኛን የመረጠበትን ምክንያት ስንጠይቀው "አጥሩን የምታውቁት እናንተ ናችኋ" አለ።

ሦስት ቅዳሜ ሰለጠንን። ሥልጠናው ጨዋታ ነበር የሚመስለው፤ አንዱ አዲስ ገቢ ይሆናል፣ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ እኔ አዲስ ገቢ ሆንኩ፤ ደብተሬን በነጠላዬ ቋጥሬ በሩ ላይ ቆምኩ። የምትቀበለኝ አንድ ወንበር ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ረጅሟ ጓደኛዬ ነበረች። እጇን ዘርግታ መጣች።

"እንደምን ዋልሽ እህቴ! ደክሞሻል? የማን ልጅ ነሽ?"

"አቁሚ" አለ ጋሼ። "እሱ አይባልም።"

"የቱ ጋሼ?"

"የማን ልጅ ነሽ አይባልም። አገርሽ የት ነው፣ ደብርሽ ማነው፣ ዘመድሽ ማነው፣ አይባልም።"

ክፍሉ ተንጫጫ። "ታዲያ ምን ሊባል ነው? ዝም ብለን እንያት?" "ጋሼ፣ እንዲህማ ከብትም አይቀበሉት!" ረጅሟ ጓደኛዬ እጇ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

"ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ብዬ ልጥራሽ። በልተሻል ወይ። ማደሪያ አለሽ ወይ። ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ክፍሏን አሳዩዋት፤ ሽንት ቤቱን በእውነት። በሦስተኛው ቀን ተመልሳችሁ እዩዋት። የቀረውን ስትፈልግ ትነግራችኋለች። ካልነገረቻችሁ የእናንተ አይደለም።"

"ለምን?" አልኩ እኔ።

"እዚያ ዩኒቨርሲቲ አገር እየተጠያየቀ ተማሪው በየወንዙ ተከፋፈለ። አንዱ ከአንዱ ጋር አይበላም።"

ይህ ምክንያቱ ነበር። እኛ ደግሞ የሚከፋፍለን ወንዝ አልታየንም፤ ሁላችንም የጋይንት ልጆች ነን። እኛ አገር እንግዳ የማን ልጅ ነህ ካልተባለ ተንቋል። እናቴ መቀመጫ ከማቅረቧ በፊት ሰባት አባት ታስቆጥራለች፤ አንዱ አባት የሚታወቅ ከሆነ እንግዳው ያን ጊዜውኑ የቤት ሰው ነው። ዘመድ ማገናኘት ከማብላትም ይበልጣል። ስለዚህ የጋሼን ሕግ አፌ "እሺ" ብሎት ልቤ የአዲስ አበባ ነገር ነው ብሎ ተወው።

ልጅቱ የመጣችው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ሲጀምር። ሌሎቹ አዲስ ገቢዎች ሁሉ ገብተው አልቀዋል። ብቻዋን መጣች። ስልቻ አልያዘችም። አንድ ትንሽ ጥቅል ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ፣ በሩን አልፋ መሃል ሜዳ ላይ ቆመች። ተራው የኔ ነበር።

"ደህና መጣሽ። ምን ብዬ ልጥራሽ?"

ስሟን ነገረችኝ።

"በልተሻል?"

"በልቻለሁ" አለች፤ ዓይኗ እጄ ላይ ያለው ቆሎ ላይ ነበር። ዘረገፍኩላት። አንድ አንዱን እያነሳች በላች።

"ማደሪያስ?"

"አገኛለሁ።"

አላገኘችም፤ እኔ አገኘሁላት። ከትምህርት ቤቱ በታች ጠላ የምትሸጥ ሴትዮ ብቅል የሚፈጭላት ሰው ትፈልግ ነበር። እንድታድር፣ ከትምህርት መልስ እንድትፈጭ ተስማሙ። ውሃውን አሳየኋት። ሽንት ቤቱን አሳየኋት። በሦስተኛው ቀን ሄጄ አየኋት። የመጀመሪያውን ሳምንት አንድም ሳልሳሳት ሠራሁ፤ ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፣ እንዲያው እውነት ስለሆነ ነው።

በሂሳብ ጎበዝ ነበረች። ስትናገር ድምጿ አይሰማም፣ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ግን የጠመኔው ጩኸት እኛ ክፍል ድረስ ይሰማል። ስድስተኛን ወገዳ ጨርሳ አንድ ዓመት ቤት እንደተቀመጠች ከወረቀቷ ላይ ታውቋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አያውቅም። በእረፍት ሰዓት ከነፋሱ ተከልለን ግድግዳ ሥር እንቀመጣለን። ዲሬክተሩ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የሚያስሉትን ሳል ሳስልላት አንድ ቀን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያን ቀን ወደድኳት።

ስወዳት ጊዜ ደግሞ አላስቀምጥ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ገቢው ሁሉ ወይ ስንቁን ሊያመጣ ይሄዳል፣ ወይ ከአገሩ ሰው ጭኖ ይመጣለታል። ለእሷ የሚመጣ የለም። ብቅሉ መዳፏን አቁስሎታል፤ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል ይላሉ የክፍሏ ልጆች። ሰው እንዴት እንዲህ ዘመድ አልባ ሆኖ ይኖራል?

"ሲማዳ የት ነሽ?" አልኳት።

"ከወገዳ ወዲያ።"

"ወዲያ የት?"

"ወዲያ ነዋ።"

"አባትሽ አሉ?"

"አትጠይቂኝ እቴ። ጋሼ አትጠይቁ አላላችሁም?"

"እሱ የሸዋ ሰው ነው፣ ምን ያውቃል።"

ፈገግ አለችና መልሳ ኮስተር አለች። "የምትወጂኝ ከሆነ አትጠይቂኝ" አለች። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚናገር ሰው የለም። እኔ ግን በድህነቷ አፍራ ነው አልኩ። ደሃ ዘመዶቿን ደብቃ ነው፣ ይህ ደግሞ ምን ያሳፍራል አልኩ። ለእሷ እኔ አሰብኩላት።

አገሯን ያገኘሁት በእርሳስ ነው። አንድ ጠዋት ግድግዳ ሥር ተቀምጠን እርሳሴን አጣሁና "አንቺ ነሽ የወሰድሽው፣ የሲማዳ ሌባ!" አልኳት፣ ለቀልድ። እሷ ደነገጠች።

"አርባዕቱ እንስሳን፣ አልወሰድኩም!"

እርሳሱ ጸጉሬ ውስጥ ተሰክቷል፤ አጠገባችን የነበሩት ልጆች ሳቁብኝ። እኔ ሳቁን አልሰማሁትም። እኛ አገር ሰው አስቦበት ሲምል በማርያምም በጊዮርጊስም ይምላል፤ ሲደነግጥ ግን አፉ ላይ የሚመጣው የተጠመቀበት ደብር ታቦት ነው። አርባዕቱ እንስሳ ደግሞ እንደ ማርያም በየኮረብታው አይገኝም። እሷም አውቃዋለች፤ ከንፈሯን ነክሳ አጎነበሰች። ከጠየቅኳት ጥያቄ ሁሉ ያላገኘሁትን በአንድ መሐላ አገኘሁት። እውነቱን ልናገር፣ በብልጠቴ ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን መሪጌታ ቤት ሄድኩ። መሪጌታ በከተማችን ደብር ዜማ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የሲማዳ ሰው ናቸው፣ የሲማዳን ደብር ሁሉ ከነካህናቱ ያውቁታል። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

"እንደምን አደሩ መሪጌታ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በማለዳ? መቼም ከቅዳሴ መልስ አይደለሽም።"

"ሲማዳ ውስጥ አርባዕቱ እንስሳ የሚባል ደብር አለ?"

"አለ እንጂ! የጾመ ድጓን ዜማ የጀመርኩበት! አንቺ ደግሞ ከምን አወቅሽው?"

ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ መጥታለች፣ ዘመድ የላትም፣ ሰው ቤት ብቅል ትፈጫለች። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ይህንንም አልረሳም።

"የአገሬ ልጅ እዚህ ተርባ እኔ እበላለሁ? ለምን እስካሁን ዝም አልሽ? አምጫት እንጂ!"

እሁድ "እናቴ ምሳ ጠርታሻለች" ብዬ ቤታችን አመጣኋት። መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። በሩ ላይ ስታያቸው እግሯ ተገታ፤ ከኋላዋ ስለነበርኩ ገፋ አደረግኳት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

"ነይ ልጄ፣ ግቢ። የማን ልጅ ነሽ?"

የአባቷን ስም አሳንሳ ተናገረች። መሪጌታ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ አያቷን፣ የአያቷን ወንድም፣ በእናቷ በኩል እስቴ የገባችውን አክስቷን። እናቴም በደስታ "እሰይ፣ እሰይ" ትላለች። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

"ባለፈው ጥር ሠርግ የነበረበት ቤት አይደለም?"

"የእህቴ ነው" አለች።

ሻሿን አዩት። እኔም ያን ጊዜ አየሁት፤ ለምን እንዳዩት ግን አልገባኝም። የተዳረች ሴት የጸጉር አሠራር የልጃገረድ እንዳልሆነ የማላውቅ አይደለሁም፤ አላሰብኩትም እንጂ።

"እሺ ልጄ፣ ብይ" አሉ መሪጌታ። ሁለት ጊዜ ጎረሰች፣ አበቃ።

ስሸኛት መንገድ ላይ "ምን አደረግሽ?" አለችኝ።

"ዘመድ አገኘሁልሽ!"

"ዘመድ" አለች። ሌላ ነገር ሳትናገር ጥላኝ ሄደች።

እኔ ደግሞ ተቀየምኩ። ይህን ያህል ደክሜ፣ ምስጋና እንኳ! ሰኞና ማክሰኞ አላናገርኳትም። ሰኞ ግድግዳ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ስታየኝ ሌላ በኩል ዞርኩ። ያን ሁለት ቀን "ምን ሆነሻል" ብላት ኖሮ ትነግረኝ ነበር፤ ጋሼም ይሰማ ነበር፤ ወደ ደብረ ታቦርም ወደ ጎንደርም የምትሸሽበት መንገድ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንታረቅ እሷም አላነሳችውም። ኅዳር ላይ ፈተና ነበር። እሱን ብቻ ነበር የምታወራው፤ ፈተናውን ካለፍኩ፣ ፈተናውን ካለፍኩ። መሪጌታ ዝም ይላሉ ብላ ተስፋ አድርጋ ይሆናል። ወይ ደግሞ መሸሽ ሰልችቷት ይሆናል። አልጠየቅኳትም።

ፈተናው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ዲሬክተሩ ሜዳው ላይ ጠሩኝ።

"አንቺ ባለ አረንጓዴ! የሲማዳዋን ልጅ ጥሪያት። ሰዎቿ መጥተዋል።"

ቢሮው ደጃፍ ላይ ስልቻ የተጫነች በቅሎ ቆማለች፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት ዲያቆን አብረዋት ቆመዋል። ስንቅ መጣላት! ሮጥኩ። ሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ላይ ነበሩ፤ እሷ ሰሌዳ ላይ ትሠራለች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ! ሰዎችሽ መጡልሽ! በበቅሎ ጭነው!"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልዞረችም። "እነማን?"

"አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጎልማሳ፣ አንድ ዲያቆን።"

ጠመኔው ቆመ። ትንሽ ቆየችና "ጋሼ፣ ይቺን ልጨርስ" አለች። ጨረሰች። መልሱን ጻፈች፣ ከሥሩ አሰመረችበት፣ እጇን አራገፈች። በሩ ላይ አጠገቤ ስትደርስ "አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"የላኩባቸው መሪጌታ ይሆናሉ" አልኳት። "ያገናኘሁሽ ግን እኔ ነኝ።"

በኩራት ነው ያልኩት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ በኩራት ነው ያልኩት።

ቢሮ ከገቡ በኋላ መስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማሁ። ሽማግሌው አማቿ ናቸው፣ ጎልማሳው ወንድሟ ነው፣ ዲያቆኑ ባሏ ነው። በጥር ቆርበው ተጋብተዋል። ስትጠፋ እስቴ አክስቷ ቤት መስሏቸው ሁለት ጊዜ ሄደው ፈልገዋታል። ልጁ ቅስና ሊቀበል ነው፤ የቆረበባት ሚስቱ ጥላው ከሄደች ሌላ አግብቶ ቄስ መሆን አይችልም። የተማረው ሁሉ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ በእሷ ላይ ቆሟል።

"ትዳር ነው፣ ቁርባን ነው" አሉ ዲሬክተሩ። "እኛን አይመለከትም።"

ጋሼ እጁ ላይ ጠመኔ እንዳለ ተከትሎ ገብቷል። "የተመዘገበች ተማሪ ናት። ቢያንስ ትፈተን።"

"አንተ ሰኔ ላይ ትሄዳለህ። እኔ ከነዚህ ሰዎች ጋር እኖራለሁ።"

"እሷ ትጠየቅ እንጂ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

 ከዚያ ድምጿ መጣ፣ ያ የማይሰማው ድምጿ። "ፈተናውን ልፈተንና ልሂድ።"

ወንድሟ "እዚህ ድረስ አዋርደሽን!" ብሎ ተነሳ፤ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ፤ ዲያቆኑ ወለሉን ያያል። ከእኛ ክፍል ልጆች አይበልጥም፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ሆኗል። "ትምህርቱን እኔ አልከለከልኳትም ነበር" አለ። አባቱ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

እኔም አልተናገርኩም። ገብቼ ብናገር ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። ግን አጥር ላይ ቆሜ የሰው ልጅ ሁሉ ላይ ስም የማወጣ ሰው፣ ያን ቀን መስኮት ሥር ድምፄ ጠፋ።

በቅሎዋ ላይ ውጪ ቢሏት እምቢ አለች። በእግሯ ሄደች፣ ወንድሟ ከፊት፣ ዲያቆኑ ከኋላ። ስልቻው ውስጥ የነበረው የእነሱ የመንገድ ስንቅ ነበር። ወደ አርብ ገበያ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል እስኪጀምር ድረስ ተከተልኳቸው። ዞር ብላ አላየችኝም፤ ብታይም ምን እላት ነበር።

በዚያው ቀን መሪጌታ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ሰላምታም አልሰጠሁ።

"እርስዎ ነዎት የላኩባቸው!"

"እኔ ነኝ።"

"ዘመድ እሆናታለሁ አላሉም?"

"ልጄ፣ ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም!"

"እንግዲያ ቁሚ። የዲያቆኑን አባት አውቀዋለሁ። ልጁ ቆሎ ለምኖ ነው የተማረው። እሷ ብትቀር ክህነቱ ይቀራል። ዝም ብል በየትኛው አፌ ልዘምር?"

"እሷስ? የእሷስ ትምህርት?"

 "የእሷን አላሰብኩትም አልልሽም" አሉ። "አስቤዋለሁ። አንቺ ባታመጪልኝ ኖሮ ግን ባላሰብኩት ነበር። እኔ አልፈለግኋትም፤ ቤቴ ድረስ አመጣሽልኝ እኮ።"

 መሪጌታን መጥላት ሞክሬ አልሆነልኝም። ልጁ ቀስሷል፣ እሷም ወልዳለች ብለው ነገሩኝ፣ ሌላ ጊዜ። "ደህና ናት" አሉኝ። ደህና ማለት ምን እንደሆነ ግን እሳቸውም አልነገሩኝ፣ እኔም ሲማዳ ድረስ ሄጄ አላየሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ሰበሰበን። ጠረጴዛው ላይ አልተቀመጠም፣ ቆመ።

"ማን ነው የጠየቃት?"

ረጅሟ ጓደኛዬ የእርሳሱን ነገር ታውቃለች። አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሌላው ጊዜ ሳልጠየቅ የምመልስ ሰው ነኝ።

ጠበቀ፣ ጠበቀና "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ለምን እንደማይጠየቅ ደህና አድርጌ አላስረዳኋችሁም። የነገርኳችሁ የሌላ አገር ምክንያት ነበር።" ወደ ሰሌዳው ዞሮ ማጥፊያውን አነሳ፤ የሚጠፋ ነገር ግን አልነበረም። እንደዚያ እንዲያምን ተውኩት። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ አየዋለሁ፤ በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ሰኔ ላይ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ አምኖ ሄደ።

ከመሄዱ በፊት የመጨረሻውን ሥልጠና ለእኛ ሰጠን። ለሚመጣው ዓመት ተቀባይ የሚሆኑ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ተመርጠዋል፤ እኛ ወደ ደብረ ታቦር ዘጠነኛ ክፍል ልንሄድ ስለሆነ እናሰልጥናቸው ተባለ። ስለ ሦስቱ ጥያቄዎች የመናገር ተራ የኔ ሆነ። ተነሳሁ። ምን ብዬ ልጥራሽ፣ በልተሻል ወይ፣ ማደሪያ አለሽ ወይ። የማን ልጅ ነሽ ግን አይባልም።

አንዲት ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ እጇን አወጣች።

"ለምን?"

ጋሼ ከኋላ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ረጅሟ ጓደኛዬ አጠገቤ ናት። ጠያቂዋ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነበረች፣ እዚያው ክፍል፤ ከሲማዳዋ ልጅ ጋር አብራ ተምራለች፣ ሰሌዳው ላይ ጨርሳ ስትወጣም አይታታለች። በሁለት ቃል መንገር እችል ነበር። እኔ ጠይቄ፣ እኔ አውቄ፣ እኔ አምጥቼ ነው ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

"ሕግ ነው" አልኩ።

"እሱማ ሕግ ነው። ግን ለምን?"

"ሕግ ነው አልኩሽ፣ ቁጭ በይ።"

ተቀመጠች። ሲያልቅ ከጓደኛዋ ጋር እየተሳሳቀች ስትወጣ በሩ ላይ ሰማኋት፦ "ወዲያልኝ! ሰው የማን ልጅ ነሽ ሳይባል እንዴት ነው የሚዘመደው? እኔማ እጠይቃለሁ።"

ሄጄ ልጠራት፣ ግድግዳ ሥር አስቀምጬ ሁሉንም ልነግራት ይገባኝ ነበር። ሜዳውን አቋርጣ በሩን እስክትወጣ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ቆሜ አየኋት።